ያውቁ ኖሯል? ጉልበተኛ ካይት ከመግዛትዎ በፊት

ፓወር ካይት ልጆች በአንድ ቀጭን ክር ከሚያበሩት ካይት ይለያል። በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ገመድ የሚዘወር፣ አብራሪው ሲፈልግ ሽቅብ የሚመዘዝ፣ ሲፈልግ ወደ ጎን የሚወነጨፍ፣ ነፋሱ ሲበረታም ሰውዬውን ራሱን የሚጎትት የጨርቅ ክንፍ ነው። ለመዝናኛ ሊገዛው የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስፋቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እውነታዎች ግን ጥያቄው ከነፋሱ መጀመር እንዳለበት ያሳያሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጣ?

• ቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ሳለ በኩሬ ላይ በጀርባው ተንሳፎ፣ የካይት ገመድ በእጁ ይዞ፣ ነፋስ እየጎተተው ወደ ማዶ ተሻግሯል። ይህንን የተረከው ራሱ በጻፈው ደብዳቤ ነው። በካይት ለመዝናናት ሰውነትን ለነፋስ መስጠት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

• በ1826 ጆርጅ ፖኮክ የተባለ የብሪስቶል መምህር በካይት የሚጎተት ሠረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሠረገላው ብዙ ሰዎችን ይጭናል፤ የሚጎትቱት ሁለት ካይቶች ደግሞ 500 ሜትር ገደማ በሚረዝም ገመድ ይበርራሉ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመንገድ ቀረጥ የሚሰላው በሚጎትቱት እንስሳት ብዛት ስለነበር፣ ፈረስ የሌለው የፖኮክ ሠረገላ ቀረጥ ሳይከፍል ያልፍ እንደነበር ይነገራል። ፖኮክ ካይቶቹን ይዘውር የነበረው በአራት ገመድ ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚያገኙት ባለ አራት ገመድ ካይት መሠረተ ሐሳቡ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ተጥሏል ማለት ነው።

• በኅዳር 1903 ሳሙኤል ኮዲ በካይት በምትጎተት ጀልባ ከፈረንሳይዋ ካሌ ተነሥቶ እንግሊዝ ዶቨር ደረሰ። ይኸው ሰው በ1908 ብሪታኒያ ውስጥ በሞተር አውሮፕላን ለመብረር የመጀመሪያው ሆነ።

• የዛሬው ፓወር ካይት ሁለት የጨርቅ ገጽ አለው፤ በመካከላቸው ተደርድረው የተሰፉ ክፍሎች ፊታቸው ክፍት ስለሆነ ነፋስ ገብቶ ይነፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ያለ አንዳች እንጨት የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ይህን የፈጠረው ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ዶሚና ጃልበርት ነው፤ ማመልከቻውን ያስገባው በ1964፣ መብቱ የጸደቀለት በ1966 ነው። ዛሬ ዘላዮች የሚጠቀሙበት አራት ማዕዘን ፓራሹትም ሆነ ፓራግላይደር የተወለዱት ከዚሁ ሐሳብ ነው።

• ሦስት ጎማ ያለውን፣ ቁጭ ተብሎ በእግር የሚዘወረውንና በካይት የሚጎተተውን ትንሽ ጋሪ በ1990 አካባቢ ለዓለም ያስተዋወቀው የኒው ዚላንድ አሽበርተን ከተማ ነዋሪው ፒተር ሊን ነው።

• ኖርዌያዊው ቦርገ ኡስላንድ በ1996 እና 1997 መካከል 2,845 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የአንታርክቲካ በረዶ ብቻውን በ64 ቀን አቋርጧል። ነፋስ ሲመቸው የሚጎትተው ሸራ ነበረው። የበረዶ ሸርተቴ፣ ጋሪ፣ ጀልባ፣ የውኃ ሰሌዳ፦ ካይት የማይጎትተው የለም።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

• የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የካይቱ ጉተታ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ወደ 28 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ለፊት ቆዳ ብዙም አይታወቅም፤ ክንዶችዎ ግን ጉተታው ወደ እጥፍ መቃረቡን ይነግሩዎታል። ካይት የሚመረጠው ነፋሱ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ አስቦ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

• ካይት ቆሞ ሲንሳፈፍና ነፋሱን አቋርጦ ሲወነጨፍ የሚሰጠው ጉልበት እጅግ ይለያያል። ሲወነጨፍ ከነፋሱ ራሱ ይፈጥናል፤ ክንፉን የሚመታው አየርም በዚያው ልክ ይበረታል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ማይልስ ሎይድ በ1980 ባሳተመው ጥናት ይህን በስሌት አሳይቷል፤ ዛሬ በካይት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚሞክሩ ሁሉ መነሻቸው እሱ ነው።

• የስፋትና የጉልበትን ልዩነት ለማየት ኩዌትን ያስቡ። በ2005 በዚያ የበረረው ግዙፍ ካይት 950 ካሬ ሜትር የማንሻ ስፋት ነበረው፤ የሠራውም ያው የአሽበርተኑ ሊን ነው። ያ ግዙፍ ካይት ለዓይን ድንቅ ነው፤ ግን ባለበት ይንሳፈፋል እንጂ አይወነጨፍም። ሰማዩን ከጫፍ ጫፍ በሰከንዶች የምታካልለው ግን 2 ካሬ ሜትር የምትሆነው ትንሿ ናት። ለመዝናናት ከሆነ የሚገዙት ፍጥነትንና ታዛዥነትን ነው።

• ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ሲቆሙ ካይቱ ሊደርስ የሚችለው ሰማይ ከፊትዎ የተዘረጋ ግማሽ ጉልላት ነው። በጉልላቱ ጠርዝ፣ በግራና በቀኝዎ እንዲሁም በአናትዎ ላይ፣ ጉተታው ይላላል፤ መካከሉን ሲያቋርጥ ግን ከሁሉ የበረታ ይሆናል። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ ሊማር የሚገባው የት እንደሚያሳርፈው ነው፤ የጠርዙን ቦታ ያወቀ አብራሪ ሲደክመው ማረፊያ አለው።

• አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ጉተታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጅቡቲ ባሕር ዳር 2 ካሬ ሜትር ካይት የሚሰጠውን ጉልበት በአዲስ አበባ በእኩል ነፋስ ለማግኘት 2.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። በተቃራኒው ደጋ ላይ የለመዱትን ካይት ወደ ባሕር ዳር ከወሰዱት ጠንክሮ ይጠብቅዎታል።

• ከዛፍና ከሕንፃ ጀርባ ያለ ነፋስ የተበጣጠሰ ነው፤ ካይቱን አንዴ ያፈዝዘዋል፣ አንዴ ያስደነብረዋል። የዛፉን ከፍታ 10 እጥፍ ያህል መራቅ ይመከራል፤ 10 ሜትር ዛፍ ካለ 100 ሜትር ማለት ነው። የባሕር ዳርቻ የሚወደደው ለዚህ ነው፦ ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ከባሕሩ ወደ መሬት የሚነፍሰው አየር ያለ እንቅፋት ለስላሳ ሆኖ ይደርሳል።

ምን ይምረጡ?

• ለመጀመሪያ ካይት ከ1.5 እስከ 3 ካሬ ሜትር በቂ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ባለ 3 ካሬ ሜትሩ አዋቂን ሰው እርምጃ በእርምጃ ይጎትታል። ሰፋፊዎቹ ለቀላል ነፋስና ልምድ ላላቸው የተሠሩ ናቸው፤ በጠንካራ ነፋስ ሰውን ከመሬት ያነሣሉ፤ ከዚያ መውደቅ አጥንት ይሰብራል። ክብደትዎንም ያስቡ፦ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀላሉ የሚይዘው ካይት 40 ኪሎውን ልጅ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

• የካይቱ ጠባይ በቅርጹ ይታወቃል። ረጅምና ጠባብ ክንፍ ፈጣን፣ ጉልበተኛና ቁጡ ነው፤ ነፋሱ ሲዋዥቅ ግን አናትዎን አልፎ ሊታጠፍና ሊወድቅ ይችላል። አጠር ሰፋ ያለው ክንፍ ዝግ ይላል፤ ስሕተትንም ይታገሣል። "ከፍተኛ ብቃት" ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ረጃጅሞቹ ናቸው። የዚያ ፍጥነት ደስታ እውነት ነው፤ ለሁለተኛ ካይትዎ ያቆዩት።

• ባለ ሁለት ገመድ ካይት ግራ ሲስቡት ወደ ግራ፣ ቀኝ ሲስቡት ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለመዳል። ነገር ግን ፍሬን የለውም። ባለ አራቱ ሁለት ገመድ ለጉልበት፣ ሁለት ገመድ ለፍሬን አለው፤ በፍሬኑ ካይቱን ማቆም፣ በቅጽበት ማዞር፣ ወድቆ ቢገኝ እንኳ ወደ ኋላ እያስኬዱ ማስነሣት ይቻላል። ባለ ሦስቱ መካከለኛ ነው፦ በዱላ የሚያዝ ሲሆን ሦስተኛው ገመድ ዱላው ሲለቀቅ የካይቱን ጉልበት ያጠፋል። ወደ ጋሪ ወይም ወደ ሰሌዳ ለመሸጋገር የሚያስብ ሰው ከባለ አራት ገመድ ቢጀምር ያተርፋል።

• ፊታቸው ክፍት የሆኑት ካይቶች እንጨትም ፕላስቲክም ስለሌላቸው መሬት ቢመቱ የሚሰበር ነገር የለም፤ ተጠቅልለው በጀርባ ቦርሳ ይገባሉ። ውኃ ላይ ሲወድቁ ግን ክፍሎቻቸው ውኃ ሞልተው ዳግመኛ አይነሡም። ይህን ችግር ለመፍታት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ በ1984 በአየር የሚነፋ ጠርዝ ያለውን ካይት አስመዘገቡ፤ ዛሬ ባሕር ላይ የምናየው የካይት ስፖርት የተስፋፋው በዚያ ነው። ለሜዳ ክፍቱን፣ ለውኃ የሚነፋውን ይምረጡ።

• ጥራት ከክንፉ ይልቅ በገመዱ ይለያል ቢባል ማጋነን አይደለም። ዲኒማ የሚባለው ቀጭን ገመድ በክብደት ሲመዘን ከብረት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል፤ በጣም ለስላሳ ስለሆነም ካይቱን ደጋግመው አዙረው ገመዶቹ ቢጠማዘዙ እንኳ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ድክመቱ ሙቀት ነው፦ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ከሌላ ሰው ገመድ ጋር ተጋጥሞ በኃይል ሲፋተግም ሊበጠስ ይችላል። ባዶውን ከቋጠሩትም ቋጠሮው ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ይወስድበታል፤ ጫፉ ላይ ወፍራም መሸፈኛ የሚሰፋለት ለዚህ ነው። መሸፈኛ የሌለውን ገመድ አይግዙ።

• ባለ አራት ገመድ ካይት ሲገዙ የእጅ አንጓ ማሰሪያ አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ። ማሰሪያው ከፍሬኑ ገመድ ጋር ይያያዛል፤ መያዣውን ሲለቁት ፍሬኑ ብቻ ይቀርና ክንፉ ጉልበቱን አጥቶ ይወድቃል። በቅድሚያ የሚለማመዱትም ይህንኑ ነው፦ መልቀቅ። እጅ በድንጋጤ የመጨበጥ ልማድ ስላለው፣ መልቀቅ ሥልጠና ይፈልጋል።

ሜዳው ላይ

• ብሪታኒያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ካይት ከመሬት ከ60 ሜትር በላይ ማብረር አይፈቀድም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ክልል ደግሞ ገደቡ 30 ሜትር ነው። አብዛኞቹ ፓወር ካይቶች ከ20 እስከ 30 ሜትር ገመድ ስላላቸው ከገደቡ በታች ናቸው። የትም አገር ቢሆኑ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብና ነጎድጓድ ባለበት ሰማይ ሥር አያብርሩ፤ የረጠበ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

• ካይቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የክንፉ አይደለም። አንዱ ገመድ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ይሆናል። ገመዶቹን በአንድ ችንካር አስረው እኩል ይሳቡና ይለኩ።

• አሸዋ ስፌትን ይበላል፣ ፀሐይ ጨርቅን ያደክማል። ብዙ ካይቶች ጫፋቸው ላይ ተከፍቶ አሸዋ የሚራገፍበት ቀዳዳ አላቸው፤ ሲገዙ ይህን ይመልከቱ። ከበረራ በኋላ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ አይደር፤ ደርቆ ይታጠፍ።

• ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፦ በየዓመቱ በጸደይ በዋሽንግተን ሐውልት ዙሪያ የሚደረገውን የካይት ፌስቲቫል በ1967 የጀመረው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሰው ፖል ጋርበር ነው። ጋርበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይል ተኳሾች መለማመጃ የሚሆን፣ በሁለት ገመድ የሚዘወር ካይት ሠርቷል። ከመግዛትዎ በፊት ካይት የሚያበሩ ሰዎችን ቀርበው መጠየቅ ከፈለጉ እንዲህ ያለ ቦታ ጥሩ መነሻ ነው።

• በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የካይት ውድድር ማርሴይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ፤ በወንዶች ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንቱስ፣ በሴቶች ብሪታኒያዊቷ ኤሊ አልድሪጅ ወርቁን ወሰዱ። ተወዳዳሪዎቹ ያበረሩት ከጃልበርት ፈጠራ የተወረሰውን፣ በክፍሎች የተሰፋውን ክንፍ ሲሆን፣ የወንዶቹ ትልቁ ከ20 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ሆኖም እነሱም ቢሆኑ የተለያየ ስፋት ያላቸው ካይቶች ይዘው የዕለቱን ነፋስ አይተው ይመርጣሉ። ዓለም የሚያውቃቸው ባለሙያዎች አንድ ካይት ለሁሉም ነፋስ አይበቃም ካሉ፣ እኛም በአንድ ግዢ ሁሉን ለመሸፈን መሞከር የለብንም።

ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሊያበሩበት ወዳሰቡት ሜዳ ለጥቂት ቀናት ይሂዱ፤ የነፋስ መለኪያ ካለ ይዋሱ፣ ከሌለም የአየር ትንበያውን ይከታተሉ። በሰዓት ከ12 እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነና እርስዎም ጀማሪ አዋቂ ከሆኑ፣ ወደ 2.5 ካሬ ሜትር የሚጠጋ፣ ባለ አራት ገመድ፣ አጠር ሰፋ ያለና የእጅ ማሰሪያ ያለው ካይት ይግዙ። ነፋሱ ከዚያ ከበረታ ወደ 1.5 ይውረዱ። በትንሹ ካይት ጠርዙን፣ ፍሬኑንና መልቀቁን ጠንቅቆ የተማረ ሰው፣ ፈጣኑን ሲይዝ ፍርሃት ሳይሆን ሙሉ ደስታ ይጠብቀዋል።