ከመጠጥ ለሚመለስ ሰው ስለሚረዳው ዜማ

ባል ወይም ልጅ በአረቄና በጫት የተያዘበት ቤት ምክሩንም ተግሣጹንም ሞክሮ የደከመ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጋራ ዜማን መጨመር ከጀመሩ ቈይተዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ኮክሬን የተባለው የመርማሪዎች ማኅበር 21 ጥናቶችን ሰብስቦ ቢመዝን፥ ዜማ ከተለመደው ሕክምና ጋራ ሲሰጥ የሱሱን ጥማት እንደሚያበርድና የመታከምን ፈቃድ እንደሚያነሣሣ አገኘ። በ2011ም በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ያሉ ሊቃውንት፥ ደስ የሚያሰኝ ዜማ በሚሰማ ሰው አንጐል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ቅመም እንደሚፈስ ገልጸዋል፤ መጠጥና ጫትም የሚቀሰቅሱት ይኸንኑ ቅመም ነው።

ንጉሥ ሳኦል በዳዊት በገና ያርፍ እንደ ነበረ በቀዳማዊ ሳሙኤል በምዕራፍ 16 ተጽፎአል። በምዕራፍ 18 ግን ዳዊት እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦር ወረወረበት፤ ይኸንን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያነሣውም። ሳኦል አድማጭ ብቻ ነበረ፤ በእጁ የያዘውም ጦር እንጂ በገና አልነበረም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለበሽተኛው ከሚዜምለት ይልቅ እርሱ ራሱ ቢያዜም ይበልጣል።

ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በአገራችን አለ። የኵልፎ ወንዝ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርድበት በጋሞ ደጋ፥ በጨንቻ አጠገብ፥ በሸማ ሥራ የታወቁት ዶርዜዎች ይኖራሉ። ሲዘፍኑ ብዙ ሰዎች ልዩ ልዩ ድምፅ ይዘው ባንድ ጊዜ ያዜማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ሲጠብቅ የባልንጀራውንም መስማት አለበት። ፈረንሳዊው ሊቅ በርናር ሎርታ ዣኮብ ይኸንን ዜማ ቀርፆ በ1977 በሸክላ አሳትሞታል። በመጠጥ ምክንያት ከሰው የተለየ ሰው እንዲህ ባለው ማኅበር ውስጥ ቦታ ቢሰጠው፥ በቀረ ጊዜ የሚፈልገው ያገኛል።

ነገር ግን ዜማ ሁሉ አይጠቅምም። በጠጅ ቤት በአዝማሪ ማሲንቆ ሲጠጣ የኖረ ሰው ያንኑ ዜማ ሲሰማ ጥማቱ ሊነሣበት ይችላል፤ ለእርሱ የበገና መዝሙር ወይም የትውልድ አገሩ የሥራ ዘፈን ይሻለዋል።

ደግሞም ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ባንድ ቀን ቢተው መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያገኘው፥ ሊሞትም ይችላልና አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሠርግ ጥሪ ቢመጣ፥ ጠሪው የቱንም ያህል የከበረ ሰው ቢሆን፥ ይቅርታ ጠይቆ መቅረት ነውር አይደለም።