ስልክ የሚጽፍበት ትንሽ ሰሌዳ

የካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ካርዱን ይዛችሁ መብራት ኃይል ትሄዳላችሁ፤ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ቤት ተመልሳችሁ ካርዱን ቆጣሪው ውስጥ ስትከቱት ሂሳቡ ይሞላል። ካርዱን ብታገላብጡት ግን በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። ታዲያ ምን ተለወጠ? በውስጡ ባለችው ትንሽ ቺፕ ላይ ተጽፎባታል።

እንግዲህ መጻፍ በእርሳስና በደብተር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ የምናነበው የዚህ ካርድ ዘመድ ስለሆነው ስለ ኤንኤፍሲ ታግ ነው።

ኤንኤፍሲ ማለት መሣሪያዎች በጣም ተቀራርበው የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። ኖኪያ፣ ፊሊፕስና ሶኒ በ2004 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው አስፋፉት። ታጉ እንደ ተለጣፊ ወረቀት ስስ ነው። በውስጡ ቺፕና የተጠቀለለ አንቴና አለ። ባትሪ የለውም። ስልክ ሲጠጋው ከስልኩ የሚወጣው መግነጢሳዊ ኃይል በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ታጉ በዚያ ይነቃል። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

እንዴት ይጻፍበታል?

በስልክ ከሆነ፣ ስልኩ ኤንኤፍሲ ያለው መሆን አለበት፤ ሁሉም ስልክ የለውም። በመጀመሪያ ኤንኤፍሲውን ማብራት፤ ቀጥሎ የመጻፊያ አፕ ከፍቶ ቃሉን ማስገባት፤ «ጻፍ» የሚለውን ነክቶ ስልኩን ታጉ ላይ ማስጠጋት ነው። በኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ የመጻፊያ መሣሪያ በዩኤስቢ ይሰካል፤ ታጉ ከመሣሪያው ላይ ይቀመጣል። ብዙ ታግ ለሚጽፍ ሰው ኮምፒዩተር ይቀላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ታግ ቦታው ጠባብ ነው። በብዛት የሚገኘው አንዱ ዓይነት የሚይዘው 144 ባይት ነው። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ40 ጥቂት በለጥ ያለ ፊደል ብቻ ይገባበታል፤ አሳጥሩ! ሁለተኛ፣ ተራ ታግ በቆርቆሮ በር ላይ ቢለጠፍ አይነበብም። ብረት ኃይሉን ያውክበታል። እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ላይ ለጥፉት።

ይህን በማታ ክፍላችን ሳስረዳ፣ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት እንደ ድሬ ልማድ «አንተ» ብለው ጠየቁኝ።

«አቦ፣ አንተ ልጅ! የቴሌብር ቁጥሬን ጽፌበት ብለጥፈው፣ ሌላው መጥቶ ቢያጠፋውስ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ገንዘብ በስልክ ይተላለፋል። ያልተቆለፈ ታግ ደግሞ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ጠመኔ የያዘ ሁሉ ይጽፍበታል። አንድ ሰው ስልኩን አስጠግቶ ቁጥሩን ቢለውጠው፣ ሽንኩርቱ የእናትየዋ፣ ገንዘቡ የሌላ ይሆናል።

መከላከያው መቆለፍ ነው። አፑ ላይ «ቆልፍ» የሚል ትእዛዝ አለ። አንዴ ለዘለቄታው ከተቆለፈ ባለቤቱም መልሶ ሊጽፍበት አይችልም። ስለዚህ ከመቆለፋችሁ በፊት እያንዳንዱን አኃዝ አንብቡ።

ቁልፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ሌባው ታጉን ልጦ የራሱን ሊለጥፍ ይችላል እኮ! ሻጭ በየጠዋቱ ታጉን በስልኩ አንብቦ ይፈትሽ። ገዢም ከመክፈሉ በፊት ስልኩ ያሳየውን ቁጥርና ስም አንብቦ ሻጩን ይጠይቅ።

ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው «እዚህ ጋ» ሲሉት ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ በአውራ ጣቱ ይፈርም ነበር። ዛሬም ሳያነቡ «እሺ» የሚለውን መንካት ያው የአውራ ጣት ፊርማ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታግ ባትሪ ሳይኖረው እንዴት ይሠራል?
2. ከመቆለፍ በፊት ማንበብ ለምን ያስፈልጋል?
3. በእናንተ ሥራ ታግ ለምን ይጠቅማል? በ40 ፊደል ምን ትጽፉበታላችሁ?