ከሰል፣ የሬዲዮ ድንጋይና የጄሪካናችን ውሃ

በቅርቡ ቦኖ ላይ ተሰልፈን ሳለ አንዲት እናት ጠሩንና «እናንተ ጋዜጣ የምትጽፉ ልጆች፣ እስቲ ይህን ንገሩኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄሪካናቸው መጥፎ ሽታ ሲያመጣባቸው ከሰል ሰባብረው፣ አጥበው፣ ሥሩ በተበሳ ባልዲ ውስጥ ከአሸዋ ጋር ደረደሩና የቦኖውን ውሃ በዚያ ማሳለፍ ጀመሩ። ውሃው ጠራ፤ የክሎሪኑም ሽታ ጠፋ። እሰየው አሉ። በሳምንቱ ግን ትንሹ ልጃቸው ተቅማጥ ያዘውና ሦስት ቀን ክሊኒክ ተመላለሱ። ልጁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል። ጥያቄያቸው ግን እንዳለ ነው፦ «ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ልጄን ምን አሳመመብኝ?»

የልጁ ሕመም ከውሃው ይሁን ከሌላ ነገር እኛ መፍረድ አንችልም። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ስለሆነ በዚህ እትማችን ስለ ከሰልና ስለ ውሃ ልናወጋችሁ አሰብን። በዚያውም ሳይንቲስቶች ከሰልን ከኤሌክትሪክ ጋር አጋብተው ምን እያሠሩት እንደሆነ እናያለን።

ከሰል ምን ይይዛል? ምንስ ያመልጠዋል?

ከሰል በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ፋብሪካ ገብቶ በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ሲታከም ቀዳዳው እጅግ ይበዛል፤ ያን ጊዜ «አክቲቬትድ ካርቦን» ይባላል። የዚህ 1 ግራም ብቻ፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ሽታ፣ ቀለም፣ አንዳንድ የተባይ መድኃኒትም እዚያ ላይ ይጣበቃል። የምድጃችን ከሰል ይህን ያህል አይሆንም እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

ታዲያ ሦስት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ተቅማጥና ኮሌራ የሚያመጡትን ጀርሞች አይገድልም፤ እንዲያውም ሳይቀየር ከቆየ ጀርም ይራባበታል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ሲሞላ ሥራውን ያቆማል፤ ያዘ እንጂ አላጠፋማ! ሦስተኛው ነው ዋናው፦ ከሰል ክሎሪንን ያጠፋል። ክሎሪን ማለት የጄሪካናችን ዘበኛ ነው። ቦኖ ላይ ሲጨመር በውሃው ያሉትን ጀርሞች ገድሎ የሚተርፈው ቤት ድረስ አብሮን ይመጣል፤ በኋላ በእጅ ወይም በኩባያ የሚገባውን ጀርም ይጠብቃል። እኚህ እናት ሳያውቁት ዘበኛውን አሰናበቱት ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ሲጨመርበትስ?

ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ሲሰበር ያየ ሰው መሃሉ ላይ እንደ እርሳስ ያለ ጥቁር ዘንግ እንዳለ ያውቃል። ያ ዘንግ የከሰል ወንድም ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው ካርቦን ናቸው። እዚያ የተቀመጠው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና በቀላሉ ስለማይበላ ነው።

ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ካርቦን ውሃ ውስጥ ያስገቡና ከኤሌክትሪኩ ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙታል፤ አየርም ይነፉበታል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ካርቦኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ይቀበልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። ይሄ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። እንደ ፕላቲኒየም ባለ ውድ ብረት ላይ ቢሆን ኦክስጅኑ በአብዛኛው እስከ መጨረሻው ሄዶ ተራ ውሃ ይሆን ነበር፤ ካርቦን ግን መንገድ ላይ ያስቆመዋል። ካርቦኑ እዚህ እንደ ደላላ ነው፦ ሁለቱን ያገናኛል፣ እሱ ግን በዕቃው ውስጥ አይገባም፤ ሌላ ለማገናኘት ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር «ካታሊስት» ይሉታል።

ፐርኦክሳይዱ ላይ ጥቂት የብረት ጨው ሲጨመር ደግሞ ኃይለኛ ነገር ይፈጠራል። ይህን መንገድ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፎታል። የሚፈጠረው ነገር ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ቢሆንም ያገኘውን ቀለም፣ የተባይ መድኃኒትና የመድኃኒት ትራፊ ይሰባብራል፤ ጊዜ ከተሰጠውም ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ልብ በሉ፣ ተራው ከሰል ቆሻሻውን ይይዛል፤ ይሄኛው ግን ያጠፋል። በባርሴሎና ኤንሪክ ብሪያስ፣ በፓሪስ አካባቢ ደግሞ መህመት ኦቱራን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህንን ሲያጠኑ ኖረዋል።

አዲስ አበባ የኖርን ሰዎች የአቃቂን ወንዝ እናውቀዋለን፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንዳደረገው አይተናል። ይህ ሥራ በይበልጥ የታሰበው እንደዚያ ላለ ፍሳሽ ነው፤ ወንዝ ከመግባቱ በፊት እዚያው ፋብሪካው በር ላይ እንዲጸዳ።

ታዲያ ለምን ቦኖአችን ላይ አልደረሰም?

የፌንተን መንገድ ደህና የሚሠራው ውሃው በጣም ሲኮመጥጥ፣ ፒኤች 3 አካባቢ ሲደርስ ነው። እንዲኮመጥጥ አሲድ መጨመር፣ በኋላም ማስተካከል፣ የብረቱን ዝቃጭም ማስወገድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ብረት ሳይጨመር የሚሠራ፣ ናይትሮጅን የተቀላቀለበት ካርቦን የሚሞክሩት። ውሃው ጨው ካለበት ደግሞ በሌላኛው ዘንግ በኩል ጎጂ የክሎሪን ውህዶች ሊፈጠሩ ይችላሉ። በስምጥ ሸለቆ የሰውን ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድም በዚህ አይጠፋም፤ የሚሰባበር ነገር አይደለምና። ማፍላትም ፍሎራይድን አያስወግድም።

ወጣቶች ሆይ፣ አደራችሁን! ሶላር አለን ብላችሁ የሬዲዮ ድንጋይ ዘንግ አውጥታችሁ በመጠጥ ውሃ ላይ እንዳትሞክሩት። ዘንጉ የማንጋኒዝና የዚንክ ዱቄት ይዞ ይመጣል። ጨው ባለው ውሃ ላይ ከሆነም ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ዛሬ በእጃችን ያለው

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ እኚያ እናት ተመለስን። «እና ከሰሉን ልጣለው?» አሉን።

«የቦኖውን ውሃ አያሳልፉበት እትዬ፤ የሚሸተው ጄሪካኑ ነው። እሱን በሳሙናና በንጹሕ ጠጠር ነቅንቀው ይጠቡት» አልናቸው። የዝናብ ወይም የወንዝ ውሃ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይለያል፦ መጀመሪያ ማጥለል፣ ቀጥሎ የጤና ሠራተኞች በሚሰጡት መጠን ክሎሪን መጨመርና 30 ደቂቃ መጠበቅ። ክሎሪን ከሌለ ማፍላት፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ግን ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም።

መክደንም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካኩማ ካምፕ ኮሌራ ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ሲታመም የተደረገው ጥናት፣ የመጠጥ ውሃቸውን በተከደነ ዕቃ ያስቀመጡ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ እንደነበር አሳይቷል።

እኚያ እናት ሰምተውን ሲያበቁ «እንግዲህ የክሎሪን ሽታ ሲመጣ አላማርርም፤ ዘበኛው አለ እላለሁ» ብለው ሳቁ። እኛም ከዚህ የተሻለ መዝጊያ አላገኘንም። ቸር ይግጠመን!