ሊኑክስ ላይ አንቲቫይረስ ልጫን ወይ ለምትሉኝ

በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ሰው በውስጥ መስመር ይህንኑ ጠይቆኛል። አንዱ ኡቡንቱ ከጫነ ገና ሦስት ቀኑ ነው። አልፈርድበትም፤ ዊንዶውስ ላይ ያደግነው ሁላችን የተማርነው ቅደም ተከተል ነው፦ ፎርማት፣ ድራይቨር፣ ኦፊስ፣ አንቲቫይረስ፤ ከዚያ ክራክ ለማስገባት አንቲቫይረሱን ለጊዜው ማጥፋት።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለግል ላፕቶፓችሁ አያስፈልጋችሁም። ምክንያቱ ግን «ሊኑክስ ቫይረስ የለውም» የሚለው ወሬ አይደለም። ስታኦግ የሚባለው የሊኑክስ ቫይረስ የታየው በ1996 ነው፤ ብሊስ በዓመቱ ተከተለው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቫይረስ አለ። የሚገባበት በር ግን አንቲቫይረሱ ቆሞ ከሚጠብቀው በር ይለያል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ከምናውቀው እንጀምር፤ ከፍላሽ። በቀደም አንድ ፒዲኤፍ ላሳትም ሰፈር ውስጥ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ቤት ተመልሼ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ሦስቱ ፎልደሮቼ ሦስት ጥቃቅን ፋይሎች ሆነዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎባይት አይሞሉም፣ ሁሉም የሚያልቁት በነጥብ ኤልኤንኬ ነው። አጠገባቸው ትርጉም የሌለው ፊደል የተደረደረበት አንድ የቪቢኤስ ስክሪፕት። ከሥር ደግሞ ስም የሌለው ፎልደር። ስም የሌለው የሚመስለው በማይታይ ክፍት ቦታ ስለተሰየመ ነው። ከፈትኩት፤ ፋይሎቼ አንድ ሳይጎድሉ እዚያ ተቀምጠዋል።

ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ይህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያ ፎልደር ተደብቆ አይታይም፤ የሚታየው ፎልደር መስሎ የተቀመጠው ሾርትከት ብቻ ነው። ሰውየው እሱን ሲጫን ስክሪፕቱ ይነሳል፣ ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ እንዳይጠረጠር እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትለታል። የእኔ ኡቡንቱ ግን ፍላሽ ላይ ያለውን የዊንዶውስ «ደብቅ» ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም፤ ስክሪፕቱን የሚያስነሳው ፕሮግራምም የለውም። በጽሑፍ ኤዲተር ከፍቼ እንደ ደብዳቤ አነበብኩት፣ ሰረዝኩት፣ አለቀ።

ከመሰረዜ በፊት ግን ለሙከራ በክላም ኤቪ ቃኝቼው ነበር። ክላም ኤቪ በ2002 የተጀመረ፣ አሁን በሲስኮ ሥር ያለ ነፃ አንቲቫይረስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ብዙ ሰው የሚጠራው ስም እሱ ነው። ያዘው። የያዘው ግን የዊንዶውስ ቫይረስ ነው። ለእኔ ምንም የማያደርገኝን፣ ፍላሹን ብሰጠው ጎረቤቴን የሚጎዳውን ነው የነገረኝ። ስለዚህ የኢሜይል ሰርቨር የምታስተዳድሩ፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ሃያ የዊንዶውስ ማሽን የሚጋራው የሊኑክስ ፋይል ሰርቨር ያላችሁ ሰዎች ጫኑት፤ ያለማመንታት። ለእናንተ ከላይ ያልኩት «አያስፈልግም» አይሠራም።

ላፕቶፕ ላይ ግን ዋጋ አለው። የቫይረስ መለያ መዝገቡን ሜሞሪ ላይ ሲጭን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። አራት ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ማሽን ላይ ክሮም ከፍታችሁ ይህን ስትጨምሩበት ማሽኗ ማቃሰት ትጀምራለች። ደግሞም ራሳችሁ ካላዋቀራችሁት በቀር ክላም ኤቪ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም፤ ቃኝ ሲሉት የሚቃኝ ነው። ጭነውት ረስተው «ተጠብቄያለሁ» ብለው የሚተኙ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ውርደት ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ትንሽ ሥራ ሰርቨር ተከራይቼ ነበር። ሬዲስ የሚባለውን ዳታቤዝ ጫንኩበትና ከቤቴ ሆኜ ልሞክረው ብዬ ያለ ፓስወርድ ለኢንተርኔት ክፍት አደረግኩት፤ ያውም በሩት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም፣ የተነሳ። ማታ እዘጋዋለሁ አልኩ። ማታ መብራት ጠፋ።

በማግስቱ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ከፍቼ ሳይ ፕሮሰሰሩን መቶ በመቶ የያዘ አንድ ፕሮሰስ አለ፤ ስሙ የከርነሉ የራሱ ሥራ ይመስላል። ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። በሦስተኛው ነው የስሙ መጨረሻ ላይ አንዲት «አይ» የተጨመረች መሆኗን ያስተዋልኩት። ስገድለው ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይነሳል። ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ስገባ በየደቂቃው ከሆነ አድራሻ እያወረደ እንዲያስነሳው የሚያዝ፣ እኔ ያልጻፍኩት መስመር ተቀምጧል። ኪንሲንግ ይባላል፤ ሥራው በሰው ማሽንና በሰው ኪራይ ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ማይን ማድረግ ነው።

አንቲቫይረስ ቢኖረኝስ? ፋይሉን ይይዘው ይሆናል። በሩን ወለል አድርጌ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያኛው ቢያዝ ቀጣዩ በዚያው ይገባል። ሩት ድረስ የገባን ሰው ጠርጌ አወጣሁ ብሎ ማመን አይቻልምና ሰርቨሩን ደምስሼ እንደ አዲስ ሠራሁት።

ሊኑክስን የሚያጠቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸው እንዲህ ነው፤ የተረሳ በር ማንኳኳት። ሚራይ የተባለው ጥቃት አድራሽ ፕሮግራም በ2016 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ እንደወጡ ያልተቀየሩ ፓስወርዶችን እየሞከረ ነበር። እነዚያ ዕቃዎች ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። ቤታችሁ ያለው ራውተርም ሳይሆን አይቀርም፤ ፓስወርዱን መቼ ቀየራችሁት?

«ሩት ካልሰጠሁት ምን ያመጣል?» የሚለው ሌላው የተለመደ መጽናኛ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሊኑክስ ላይ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ፋይል የመነሳት ፈቃድ ካልሰጣችሁት አይነሳም፤ የሲስተሙን ፋይል ለመንካት ደግሞ ሱዶ ብሎ ፓስወርድ ማስገባት ይጠይቃል። ነገር ግን የሠርግ ፎቶአችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠው የቴሌግራም መግቢያችሁ ያለው በእናንተ ስም ነው። በእናንተ ስም የተነሳ ማንኛውም ፕሮግራም ያለ ምንም ሱዶ ያነብበዋል፣ ይቆልፈዋል፣ ይልከዋል። ሩት የሚጠብቅላችሁ በግማሽ ሰዓት እንደገና የሚጫነውን ኡቡንቱን ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ሊኑክስ ላይም የደረሰ ነው፦ በ2017 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ናያና የሚባለው የሆስቲንግ ድርጅት 153 የሊኑክስ ሰርቨር በኤሬበስ ራንሰምዌር ተቆልፎበት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቢትኮይን ከፍሏል።

ታዲያ የግል ላፕቶፕ ላይ በየት ይገባል? በእጃችን ነው። ዩቲዩብ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ያየነውን ኮማንድ ሳናነብ ተርሚናል ላይ እንለጥፋለን፤ ፓስወርድ ሲጠይቅ እንሰጣለን። የዚህን ቻናል ኮማንድም ቢሆን ሳታነቡ አትለጥፉ። አርች ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ በ2025 ሐምሌ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ማንም ሰው ጥቅል በሚያስቀምጥበት የኤዩአር ማከማቻ የፋየርፎክስና የሌሎች ብሮውዘሮች ማስተካከያ መስለው የገቡ ሦስት ጥቅሎች ኬዎስ የተባለ የርቀት መቆጣጠሪያ ሲጭኑ ነበር። በ2016 የካቲት ደግሞ የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ሊንክ የኋላ በር ወዳለበት አይኤስኦ ተቀይሮ ዋለ። የዚያን ቀን በዚያ ሊንክ አውርዶ የጫነ ሰው ከተበከለ ሲስተም ጋር ነው አዲስ ሕይወት የጀመረው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኤክስዚው ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚንቀሳቀስ አካል ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ኮድ እያዋጣ፣ አመኔታ እያተረፈ ቆየና በ2024 መጀመሪያ የኤክስዚ ማመቂያ ላይ የኋላ በር ቀበረ። ያገኘው አንቲቫይረስ አይደለም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የዳታቤዝ ባለሙያ ነው፤ ኤስኤስኤች ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ምክንያቱን ሲፈልግ አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኔትወርኩን ሰድቤ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

እኔ የማደርገውን ለሚጠይቅ፦ ፕሮግራም የምጭነው ከራሱ ከኡቡንቱ ሬፖ ነው፣ አፕዴቱን ነገ አልለውም፣ ፎቶዎቼን ኮፒ አድርጌ ከማሽኑ በተነቀለ ሃርድ ዲስክ አስቀምጣለሁ። ኡቡንቱ ሲጫን ፋየርዎሉ ጠፍቶ ስለሚመጣ አበራዋለሁ። ሰርቨር ላይ በፓስወርድ መግባትን ዘግቼ በቁልፍ ፋይል ብቻ እገባለሁ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን ክራክ አላስነሳም፤ ዋይን ማሽናችሁን በሙሉ «ዜድ» የሚባል ድራይቭ አድርጎ ለዚያ ፕሮግራም ያሳየዋልና።

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ታሪክ ልጨርስላችሁ። ፍላሹን ካጸዳሁ በኋላ ተመልሼ ለባለቤቷ ነገርኳት፤ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበራት፣ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩላት። አሁን የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚሰካው፤ ክላም ኤቪም አለው፣ እዚያ ቦታው ነውና። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ አንዲት ተማሪ ወረፋ ይዛለች። ፍላሿ ውስጥ ሾርትከት ብቻ እንደቀረ፣ ጽሑፏ እንደጠፋ እየነገረቻት ነበር። ባለቤቷ ፍላሹን ሰካችና ስም የሌለውን ፎልደር ሁለቴ ተጫነችው። ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ «ውይ! ምዕራፍ አራቴ!» አለች።