ካሳና ዋጋ ለየቅል ናቸው

ቤት ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ የሚጨባበጡበት ገንዘብ ዋጋ ይባላል፡፡ ካሳ ግን ሌላ ነው፤ ባለንብረቱ «ልሽጥ» ሳይል ወሳጁ ወገን የሚተምንለት ነው፡፡ በምዕራቡ ዓለም ሊበርታሪያን የሚባሉት ወገኖች ክርክር ከሞላ ጎደል በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው፡፡

መነሻቸው ሰው የራሱ ባለቤት ነው የሚል ነው፡፡ የጉልበቱም ፍሬ የራሱ ነውና በፈቃዱ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ይሰጠዋል፡፡ በኃይል ወይም በማጭበርበር የተወሰደ ንብረት፣ ወሳጁ መንግሥትም ቢሆን፣ እንደተነጠቀ ይቆጠራል፡፡ ጠንከር ያሉት ግብርን ጭምር እዚሁ ውስጥ ይከቱታል፤ ይህን የሚሰማ ነጋዴ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፡፡

በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የኒው ለንደን ከተማ አስተዳደር ሆቴልና ቢሮ እንዲሠራበት አንድ ሰፈር ለማንሳት ተነሣ፡፡ ወይዘሮ ሱዜት ኬሎና ጎረቤቶቻቸው «አንሸጥም» ብለው በ15 ይዞታዎች ላይ ተሟገቱ፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2005 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ፤ የኢኮኖሚ ልማትም የሕዝብ ጥቅም ነው አለ፡፡ ነዋሪዎቹ ካሳ ተቀብለው ወጡ፡፡ የታሰበው ግንባታ ግን ሳይሠራ ቀረ፤ ቦታውም ለዓመታት ጦሙን አደረ፡፡

እዚህ ላይ «ያ መሬት መጀመሪያ እንዴት ተያዘ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፡፡ የሃርቫርዱ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ያለ አግባብ የተያዘ ንብረት መታረም እንዳለበት ጽፈዋል፤ እንዴት እንደሚታረም ግን በዝርዝር አላስቀመጡም፡፡ ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፡፡ የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ በቤተ መንግሥት ችሮታ የተገኘውንና አንዱ በሱቅ ትርፉ የገዛውን አልለየም፡፡

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል፡፡ በላዩ ላይ የተሠራው ግን የሠሪው ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደውም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል፡፡ ገበያው ደግሞ በሌላ ሒሳብ ይሄዳል፡፡ ዋና መንገድ ዳር ያለች አሮጌ ቤት በሚሊዮኖች ስትሸጥ ገዢው የከፈለው ለጭቃ ግድግዳው አይደለም፤ ለቦታው ነው፡፡ ቤቱ ለልማት ሲነሣ ምትክ ቦታና የመፈናቀል ክፍያ ሊኖር ቢችልም፣ ካሳው የሚተመነው በመሬቱ ላይ ላረፈው ንብረት ነው፡፡ ስለዚህ ገዢም ሆነ ደላላ ቀብድ ከመያዙ በፊት ካርታውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውንም ፕላን ቢያይ ይሻለዋል፡፡