ድምፅን በኮምፒዩተር ለመስማት የሚያገለግሉ ሦስት ግሦች

የተቀረጸ ድምፅን በቤት ኮምፒዩተር ለመስማት የሚያገለግሉ ሦስት ግሦችን ከነፍቻቸው እናቀርባለን።

«ማውረድ»፦ በመረብ ከተያያዘ ሌላ ኮምፒዩተር የድምፅ ፋይልን ቅጅ ተቀብሎ በራስ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ነው። ከአህያ የወረደ ጭነት በጀርባዋ አይቀርም፤ ፋይል ሲወርድ ግን ዋናው ከስፍራው አይነሣም። ስለዚህ «ቅጅ» የሚለው ቃል ከፍችው ሊጐድል አይገባም።

«መጫን»፦ «ጫ» ጠብቃ ስትነበብ ከ«ተጫነ»፣ ላልታ ስትነበብ ከ«ጫነ» ይወጣል፤ የመጀመሪያው ለቁልፍ፣ ሁለተኛው ለፕሮግራም ነው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ አንባቢው የታዘዘውን ሊስት ይችላል። ስለሆነም በመመሪያ ላይ «ተጫን» ወይም «ጫን» ተብሎ በትእዛዝ አንቀጽ እንዲጻፍ እንመክራለን።

«ማጫወት»፦ ከሸክላ ማጫወቻ የተወረሰ ነው። መሣሪያው ቢለወጥም ተግባሩ ያው ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።