የወርቅ ከተማ ከወርቅ ሩጫ በኋላ፤ የዶውሰን ሲቲ ታሪክና የዛሬ ኑሮዋ

ወርቅ የተገኘበት አገር ሁሉ ለዘለዓለም የሚበለጽግ ይመስላል። ነገር ግን የብዙዎቹ የወርቅ ከተማዎች ታሪክ ሲመረመር፥ ከመሬት የወጣው ሀብት በመጣበት ፍጥነት ተመልሶ እንደ ሄደና የቀረውም ባዶ ቤትና የተገለበጠ አፈር ብቻ እንደ ሆነ ያስረዳል። ከእነዚህ መካከል የወርቁ ሩጫ ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ ሕይወትዋ ያልጠፋ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ይህችውም በካናዳ ሰሜናዊ ምዕራብ፥ በዩኮን ግዛት የምትገኘው ዶውሰን ሲቲ ናት። ታሪክዋ ለአስመጪም፥ ለላኪም፥ ለባለሱቅም የሚጠቅም ትምህርት ስላለበት ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወርቁ መገኘት

ዶውሰን የተመሠረተችው የክሎንዳይክ ወንዝ ከታላቁ የዩኮን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የትሮንዴክ ኸዌችን ሕዝብ ርስት ሲሆን፥ ሕዝቡ በዚያ ወንዝ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ እያጠመደ ይኖር ነበር። «ክሎንዳይክ» የሚለውም ስም የውጭ አገር ሰዎች «ትሮንዴክ» ብለው መጥራት አቅቷቸው ያጣመሙት ቃል ነው።

በነሐሴ ወር 1896 ጆርጅ ካርማክና የሚስቱ ወገኖች የሆኑት ስኩኩም ጂምና ቻርሊ፥ በኋላ ቦናንዛ ተብሎ በተሰየመው ጅረት ውስጥ ወርቅ አገኙ። በአካባቢው የነበሩት ወርቅ ፈላጊዎች ወሬውን እንደ ሰሙ ፈጥነው በመድረስ ደኅና ደኅናውን ቦታ ተካፈሉት። በሐምሌ ወር 1897 ወርቅ የጫኑ ሁለት መርከቦች፥ አንደኛው ሳን ፍራንሲስኮ፥ ሁለተኛው ሲያትል ሲደርሱ ግን፥ ነገሩ የዓለም ሁሉ ወሬ ሆነ። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ጉዞ እንደ ጀመረ ይገመታል፤ እስከ ክሎንዳይክ የደረሰው ግን ከ30 እስከ 40 ሺህ ብቻ ነው። እነዚህም በ1898 ሲደርሱ ጥሩው መሬት ሁሉ ባለቤት አግኝቶ ስለ ነበረ፥ አብዛኞቹ አንድ ግራም ወርቅ ሳይቆፍሩ ተመለሱ።

ወርቁን ያገኘ ነጋዴ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሩጫ ማን ተጠቀመ? መልሱ ለንግድ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጆ ላዱ የተባለው ነጋዴ ወርቅ መገኘቱን ሲሰማ አካፋ ይዞ ወደ ጅረቱ አልሮጠም። የሚመጣው ሕዝብ ማደሪያ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ በመገንዘብ፥ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ያለውን ሜዳ በስሙ አስመዘገበ፤ የእንጨት መሰንጠቂያ መኪናውንም ወደዚያው አዛወረ። ከዚያ በኋላ መሬቱን እየከፋፈለ፥ ሳንቃውንም እየሰነጠቀ ሸጠ። ከተማይቱም ጆርጅ ዶውሰን በተባለው የካናዳ የሥነ ምድር ሊቅ ስም ተሰየመች።

ቤሊንዳ ሙልሩኒ የተባለችው አየርላንዳዊት ደግሞ በ1897 ወደ ዶውሰን ስትጓዝ የያዘችው ሸቀጥ የጥጥ ጨርቅና በሙቅ ውሃ ተሞልቶ አልጋ የሚያሞቅ ጎማ ነበር። በዚያ ብርድ አገር ምን እንደሚፈለግ አስባ ስለ ገዛች ሸቀጥዋ በከፍተኛ ትርፍ ተሸጠ፤ በገንዘቡም ምግብ ቤትና ማደሪያ ከፍታ፥ በ1898 በከተማይቱ ስመ ጥር የሆነውን ፌርቪው ሆቴልን ሠራች።

ከከተማ ሁሉ ይልቅ የተጠቀመችው ግን ከዶውሰን እጅግ የራቀችው ሲያትል ናት። የሲያትል ንግድ ምክር ቤት ኢራስተስ ብሬነርድ የተባለውን ጋዜጠኛ የማስታወቂያ ሥራ ኃላፊ አድርጎ ሾመው፤ እርሱም ወደ ወርቁ አገር መግቢያው በር ሲያትል መሆኑን በጋዜጣና በደብዳቤ በየአገሩ አስነገረ። የካናዳ ፖሊስም በዶውሰን የደረሰውን የምግብ እጦት አይቶ፥ የአንድ ዓመት ስንቅ ያልያዘ ሰው ድንበር እንዳያልፍ አገደ። ስንቁና ዕቃው ሲደመር ወደ አንድ ቶን ስለሚደርስ፥ መንገደኛው ቺልኩት የሚባለውን በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ሸክሙን ይዞ ብዙ ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነበት። ይህንን ስንቅ የሸጡት የሲያትል ባለሱቆች ናቸው። ጆን ኖርድስትሮም የተባለው ስዊድናዊም በክሎንዳይክ ያገኘውን 13 ሺህ ዶላር ይዞ ወደ ሲያትል ተመለሰና፥ በ1901 ከአንድ ጫማ ሰሪ ጋር በማኅበር የጫማ መደብር ከፈተ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ታላቅ የመደብር ድርጅት ከዚያ የተነሣ ነው።

የውድቀት ዘመን

ዶውሰን በ1898 ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት። በ1899 ግን በአላስካ ጠረፍ በኖም ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ፥ በዚያው የሙቀት ወራት ብቻ 8 ሺህ ያኽል ሰው ከተማይቱን ጥሎ ሄደ። በዚሁ ዓመት የተነሣው ቃጠሎም ከመቶ በላይ ቤቶችን አወደመ። በ1901 ሕዝብዋ ወደ 9 ሺህ፥ በ1911 ወደ 3 ሺህ ዝቅ አለ። ብዙ ሰው በእጁ ይቆፍረው የነበረውን መሬት ታላላቅ ኩባንያዎች ጠቀለሉት፤ በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ አፈሩን የሚዝቅና የሚያጥብ፥ ድሬጅ የሚባል መኪና አመጡ። በ1912 የተሠራውና አራተኛው ድሬጅ የተባለው እስከ 1959 ድረስ ሲሠራ ኖሮ፥ ዛሬ ለጎብኚዎች መታያ ሆኖ ቆሟል።

በ1942 የተሠራው የአላስካ አውራ ጎዳና ዶውሰንን ትቶ በኋይትሆርስ በኩል አለፈ። በ1953 ደግሞ የግዛቱ ዋና ከተማነት ወደዚያችው ወደ ኋይትሆርስ ተዛወረ። የመጨረሻዎቹ ድሬጆችም በ1966 ሥራቸውን አቆሙ። መንገድ፥ መንግሥትና ኩባንያ በየተራ ጥለዋት ሲሄዱ፥ ሱቅዋን ከፍቶ ለሚጠብቅ ነጋዴ ምን ቀረለት የሚያሰኝ ጊዜ ነበር።

የተናቀው ዕቃ ሀብት ሆነ

የቀረው አሮጌው ቤት፥ የእንጨቱ የእግር መንገድና ታሪኩ ነበር። የካናዳ መንግሥት በ1962 ጥንታዊውን ፓላስ ግራንድ ቲያትር መልሶ አሠራ፤ ሌሎችም ሕንጻዎች በየጊዜው ታደሱ። ምድሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ቤት በሞቀ ቁጥር መሬቱ ይሟሟል፤ ግድግዳውም ይዘማል። ስለዚህ የቤት ጥገና በዚያ አገር ፈጽሞ የማያልቅ ሥራ ነው።

የከተማይቱ የጎብኚዎች ማኅበር በ1971 ዳይመንድ ቱዝ ገርቲስ የተባለውን የጨዋታ ቤት ከፈተ። ይህ ቤት የግል ባለጸጋ ንብረት አይደለም፤ ትርፉ ተመልሶ ለከተማይቱ ጥቅም ይውላል። ጎብኚው የሚያወጣው ገንዘብ ከከተማው ሳይወጣ ለሌላ ሥራ መነሻ ይሆናል ማለት ነው።

የተናቀ ዕቃ ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። ዶውሰን የሲኒማ ፊልም አከፋፋዮች መስመር መጨረሻ ስለ ነበረች፥ ባለ ፊልሞቹ የመመለሻውን ማጓጓዣ ላለመክፈል ሲሉ የታዩትን ፊልሞች እዚያው ይተዉአቸው ነበር። በ1929 ብዙዎቹ ለአሮጌ መዋኛ ገንዳ መሙያ ተደርገው ተቀበሩ። በ1978 መሬቱ ሲቆፈር 533 ጥቅል ፊልም ተገኘ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ ፈጽሞ የጠፉ ነበሩ። የማጓጓዣ ዋጋው አያዋጣም ተብሎ የተጣለው ዕቃ፥ በብርዱ መሬት ተጠብቆ ዋጋ የማይተመንለት ቅርስ ሆነ።

የባለአገሮቹ ድርሻ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኪሳራውን በይበልጥ የተሸከሙት የትሮንዴክ ኸዌችን ሰዎች ናቸው። ሩጫው ሲጀመር የዓሣ ማጥመጃቸው በእንግዶች ተያዘ። አለቃቸው አይዛክ ሕዝቡን ከከተማው ክፋትና በሽታ ለማዳን፥ አምስት ኪሎ ሜትር ያኽል ወደ ታች ወደ ሙስሃይድ አሻገረ። የአባቶች ዘፈንና ዳንስ እንዳይጠፋም በአላስካ ለሚኖሩ ዘመዶች አደራ ሰጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1998፥ ሕዝቡ ስለ መሬቱና ራሱን ስለ ማስተዳደሩ ከመንግሥት ጋር የመጨረሻውን ስምምነት ፈረመ። ዛሬ የትሮንዴክ ኸዌችን መንግሥት በከተማይቱ ሥራና ኑሮ ውስጥ ታላቅ ድርሻ አለው። ዩኔስኮም በ2023 አካባቢውን «ትሮንዴክ ክሎንዳይክ» በሚል ስም በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በመዝገቡም የቀደመው የባለአገሮቹ ስም ተመለሰ።

በ2021 በተደረገው ቆጠራ የዶውሰን ነዋሪ 1,577 ሰው ነበር። ወርቅም ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ ትንንሽ የቤተሰብ ድርጅቶች እስከ ዛሬ ድረስ ከጅረቶቹ ያጥባሉ። ነገር ግን ከተማይቱ በወርቅ ላይ ብቻ ቆማ አትኖርም፤ ጎብኚ፥ የመንግሥት ሥራ፥ ኪነ ጥበብና ንግድ ተደጋግፈው ያኖሩአታል።

በአንድ ዕቃ ብቻ የቆመ ገበያ፥ ዕቃው ወርቅም ይሁን ሌላ፥ ኖም በተሰማ ቀን ይፈርሳል። ገበያው በደራበት ዘመን ከትርፉ ጥቂቱን ለከተማው መንገድ፥ ለትምህርት ቤቱና ለሌላ ዓይነት ሥራ ያላዋለ ነጋዴ፥ ደንበኛው ሲሄድ አብሮ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። ዶውሰን ይህንን የተማረችው ከ30 ሺህ ነዋሪ ወደ ጥቂት መቶዎች ከወረደች በኋላ ነው። የእኛ ገበያዎች ግን ገና ደርተው ሳለ ሊያስቡበት ይችላሉ።